ጦሳ ሊቀመጥ የወረደ ዕለት

ሕልም በሌሊት ብቻ የሚታይ የሚመስለው ሰው ፈትለወርቅን አያውቃትም። ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባዋን እያሞቀቻት፣ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ቤት ጠረጴዛ ላይ ጉንጯን ጥላ ተኛችና ሕልም አየች።

መተኛት አልነበረባትም። ሥራዋን የሚያይ ገምጋሚ ኮሚቴ "ከምሳ መልስ እንመጣለን" ብሏት ነበር። ኮሚቴ ከምሳ መልስ ሲል የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ አይናገርም። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ ዓይኗ ቀድሟት ሄደ።

ሥራዋ አንቴና ነው። አየሩ ላይ ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን የሚረጨው ሞገድ አለ። ከዚያ ውስጥ ሰው የሚጠቀምበት ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ድንጋይ ላይና አህያ ጀርባ ላይ ወድቆ ይቀራል። ፈትለወርቅ ያንን የወደቀውን የምትለቅም፣ መዳፍ የምታህል የመዳብ አንቴና ሠራች። የምትለቅመው ኃይል አምፖል ማብራት ይቅርና አምፖል አያስነጥስም። ግን ጠብ ጠብ እያለ ሲጠራቀም ለአንዲት ትንሽ ጠቋሚ መሣሪያ ይበቃል። ጠቋሚዋ ገደል ላይ ትቀበራለች። ባትሪ አትል፣ የመብራት መስመር አትል፤ እንደ ባሕታዊ ጤዛ ልሳ ታድራለች። መሬቱ መንሸራተት ሲጀምር አንዲት ቃል ወደ ታች ትልካለች። ከዚያ አቅሟ ያልቃል። ቢያልቅም ግድ የለም፤ ሰው ከቤቱ ለመውጣት አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው አጥር ነው። የፈትለወርቅ እናት፣ እማማ ተዋበች፣ ቤታቸው ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። አንድ ክረምት ከበላያቸው ያለው የጎረቤት አጥር ከነባሕር ዛፉ ቁልቁል ተንሸራቶ ጓሯቸው ገባ። ሰው አልተጎዳም። እማማ ተዋበች "ድሮ አጥር ለመሥራት ሰው እቀጥር ነበር፤ አሁን በእግሩ መጣልኝ" ብለው ሳቁ። ልጃቸው አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ የሚወስዳት ፀሐይ ስትወጣ ነው። ትናንትም የወሰዳት ለዚህ ነው።

በሕልሟ ዓይኗን ስትገልጥ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከበላይዋ ቆማ ቁልቁል የምታያት የገዛ አንቴናዋ ናት። አንቴናዋ ሰው አክላለች። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በእጇ ሞረድ ይዛለች።

"አትንቀሳቀሺ፤ ልኬት ላይ ነኝ" አለቻት።

"የምን ልኬት?"

"የአንቺ ነዋ! እየሠራሁሽ እኮ ነው።"

ፈትለወርቅ "እኔ ነኝ አንቺን የሠራሁሽ" ልትል አፏን ስትከፍት አንቴናዋ ፈጠን ብላ አፏን በሜትር ለካችው።

"አፍ ሰፊ፣ ጆሮ ጠባብ። ተገልብጦ ነው የተገጠመው" አለች ለራሷ። ቀጥላ ክንዷን ጎተት አድርጋ አየችው። "ይኼ ደግሞ ሩብ ሞገድ ይጎድለዋል። በፊት ማን ነበር የሠራሽ?"

"እናትና አባቴ ናቸዋ።"

"በምን ንድፍ?"

"ንድፍ እንኳ የነበራቸው አይመስለኝም።"

"ያስታውቃል" አለችና አንቴናዋ ክርኗን በሞረድ ትሞርዳት ገባች። አላመማትም፤ ኮረኮራት እንጂ። እየሳቀች "ተይኝ፣ ኧረ ተይኝ" ብትል ሰሚ የለም።

ሲያልቅ አንቴናዋ ሞረዱን አራግፋ ነገሩን አስረዳቻት። "ስሚ። አየሩ በወሬ ተሞልቷል። ሰው ሲያወራ ይውላል፣ ሲያወራ ያመሻል፣ የሚሰማ የለም። ወሬው ድንጋይ ላይና አህያ ጀርባ ላይ ወድቆ ይባክናል። አንቺ ያንን ትለቅሚያለሽ። ወሬ ለቃሚ ሰው ስሠራ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ ብትበላሺም አይቆጨኝም።"

"ለቅሜስ ምን አደርግበታለሁ?"

"ትንሽ ነገር። ብዙ አትመኚ።"

ጣሳ የምታህል ማጠራቀሚያ ደረቷ ላይ አሰረችላት። ጣሳው ላይ ሰዓት ቆጣሪ የሚመስል መስታወት አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን መርፌ ባዶ ላይ ተኝታለች። ከዚያ በሩን ከፍታ ገፍትራ አስወጣቻት።

ከበሩ ስትወጣ ፒያሳ ነው። ከተማው ቦታው ላይ አለ፤ የተገለበጠው ሥራው ነው። የሻይ ቤቶቹ በረንዳ ላይ ሬዲዮኖች እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ሰዎች ፊታቸው ተሰልፈው ተራ በተራ ዜና ያነቡላቸዋል። አንድ ወፍራም ሬዲዮ ፊቱ የቆመውን ሰውዬ ጆሮውን ይዞ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው።

"ከፍ በል!"

ሰውዬው ከፍ አለ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የሚያወራው።

"ጥርት አትልም፤ ታፏጫለህ" አለና ሬዲዮው ጆሮውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ሰውዬው ሽንኩርቱን ከመሃል ቆርጦ የቀብር ማስታወቂያ ጀመረ። ሬዲዮው እንደገና ጠመዘዘ። ሰውዬው "ጎ—ል!" ብሎ ጮኸና ራሱን ስቶ ወደቀ።

"ባትሪው ደክሟል" አለ ሬዲዮው። "ቀጣይ!"

ፈትለወርቅ ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፍና አለፈች። ማዕዘኑ ላይ የስልኩ ማማ ቁጭ ብሏል፤ ያ ጦሳ ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ረጅም የብረት ማማ። ጋቢ ተከናንቦ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መዳፉን ዘርግቶ ይለምናል።

"ስለ እግዜር፣ ስለ ነቢ! አንድ ጭረት ኔትወርክ! እኔም እንደናንተው ሙሉ ነበርኩ!"

አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ጭረት መዳፉ ላይ ጠብ አደረጉለት። ማማው እስከ መሬት እጅ ነሳ። ቀና ሲል ፈትለወርቅን አያት።

"ልጄ፣ አንቺ የተዋበች ልጅ አይደለሽም? ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? አባ ጦሳ እኮ እየወረዱ ነው።"

"ወዴት ነው የሚወርዱት?"

"ደከማቸው። ከተፈጠሩ ጀምሮ ቆመው ነው፣ አንድ ቀን ተቀመጡ ያላቸው የለም። እኔ ትከሻቸው ላይ ስለሆንኩ ማታ ማታ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ኋላ ነገሩ ሳያምረኝ ሲቀር ቀድሜ ወረድኩ።"

"የት ሊቀመጡ ነው?"

ማማው ጋቢውን አስተካከለ። "እናትሽ ቤት ይሻላል ሲሉ ነበር። ተዋበች ሰው አክባሪ ናት ብለው።"

ፈትለወርቅ ቀና አለች። ጦሳ ቦታው ላይ የለም። ጉሙን እንደ ኩታ ተጎናጽፎ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ እየተመረኮዘ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። በየእርምጃው የከተማው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል።

"በምን ነው የሚመለሱት?" ብላ ማማውን እግሩን ይዛ ጠየቀችው።

"ጉልበት ነው ያጡት። ጉልበት ያላት አንዲት ቃል ከደረሰቻቸው ይቆማሉ። ከየት ታመጫታለሽ እንጂ!"

ደረቷ ላይ ያለውን ጣሳ አየች። መርፌዋ እንደተኛች ናት።

ብዙ ወሬ ያለበት ቦታ የት ነው? ሳታስበው እግሯ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሮጠ። አዳራሹ ውስጥ ገምጋሚ ኮሚቴው በሙሉ አለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ወንበሮቹ ኮሚቴዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር መርዕድ በአራት እግራቸው ተንበርክከው፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ትልቅ ባለ ስፖንጅ ወንበር ተደላድሎ ተኮፍሶባቸው፣ ከሥር ሆነው ይናገራሉ።

"ከዚህ አንጻር ስናየው፣ ከዚያ አንጻር ደግሞ ካላየነው፣ አቅጣጫ ከማስቀመጥ አኳያ፣ የተቀመጠውን አቅጣጫ ከማንሣት አኳያ..."

ፈትለወርቅ ክንዷን ዘርግታ ጆሮዋን ቀስራ ወሬውን ለመልቀም ቆመች። መርፌዋ አልተነሣችም። እንዲያውም ከባዶ በታች ወርዳ ጥግ ላይ ተሸጎጠች። የእነሱ ንግግር ኃይል አይሰጥም፤ የሌላውን ይጠጣል።

"ዶክተር! ጦሳ ሊቀመጥ ነው!" ብላ ጮኸች።

"በአጀንዳ አልተያዘም" አሉ ዶክተር መርዕድ ከወንበሩ ሥር። "ደግሞስ ቢቀመጥ ምናለበት? እኛም ብንቀመጥ ደስ ይለን ነበር።"

ወንበሩ "ዝም በል" ብሎ በእግሩ ጎሸማቸው።

ጥላቸው ወጣች። ጦሳ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ወደ እናቷ ሰፈር ስትሮጥ ቦኖው ጋ ደረሰች። ጀሪካኖቹ ሴቶቹን በጆሮ በጆሯቸው አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መጨረሻ የእናቷ ጎረቤቶች ከድጃና ጥሩዬ ተንጠልጥለው ይንሾካሾካሉ። ባጠገባቸው ስታልፍ መርፌዋ ዘለለች።

ፈትለወርቅ ቀጥ አለች። "ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ኧረ ምንም" አለች ከድጃ።

"ስለ ማን ነው?"

ሁለቱ ተያዩ። "ስላንቺ ነዋ" አለች ጥሩዬ።

"እባካችሁ ቀጥሉ።"

"ወዬው! ፊት ለፊትሽ? ነውር አይደለም እንዴ? እኛ አሳዳጊ የበደለን ነን?"

"ጀርባዬን ልስጣችሁ?"

ከድጃ ትንሽ አሰበችና "እሱ ይሻላል" አለች።

ፈትለወርቅ ዞራ ቆመች። ከኋላዋ ሹክሹክታው ወዲያው ቀጠለ።

"ይቺ ልጅ ተምራ ተምራ መዳብ ስታሽ ልትቀር ነው።"

መርፌዋ ቀና አለች።

"ያ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሽማግሌ ሲልክ 'ሞገዴን ልጨርስ' አለች አሉ።"

"ምንድን ነው ደሞ ሞገድ?"

"እኔ ምን አውቄ! ባሕር የለን፣ ሐይቅ እንኳ ሩቅ ነው። እኔስ ጠበል ነው የምላት።"

መርፌዋ ከግማሽ አለፈች። የፈትለወርቅ ጆሮ ቀላ፤ እግሯ ሂጂ ሂጂ አላት። ጥርሷን ነክሳ "ትንሽ ጨምሩ" አለች።

"ጠጉሯን አይተሻል? አንድ ቀን ወፍ እንቁላል ይጥልበታል።"

"እኔን የሚያሳዝኑኝ እናቷ ናቸው" አለች ጥሩዬ፣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። "ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩን ሳይዘጉ ነው የሚያድሩ። እኔ ደግሞ፣ መሬቱ ቢከዳቸው ሮጠው ሊወጡ መስሎኝ ነበር። ስጠይቃቸው 'አይ፣ ፈትሌ ሰግታ ልታየኝ ብትመጣ፣ በር ላይ ቆማ እንዳትበሰብስ ብዬ ነው' አሉኝ።"

መርፌዋ እስከ ጥግ ሄዳ መስታወቱን ቀጭ አደረገችው። ጣሳው ደረቷ ላይ ጋለ። ፈትለወርቅ ዞር ብላ "እግዜር ይስጥልኝ" ልትላቸው ፈለገች፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ ተወችውና ሮጠች።

ስትደርስ ጦሳ ከእናቷ በር ላይ ቆሟል። ራሱ ደመና ውስጥ ነው፤ እግሩ አጥሩን ረግጧል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ "ኖር! ኖር!" ይላል።

"በእግዜር፤ ኧረ አትነሡ ልጆቼ" ይላል ጦሳ። ድምፁ ድንጋይ ቁልቁል ሲንከባለል ነው።

እማማ ተዋበች በሩን ወለል አድርገው ወጡ። እጃቸው ላይ መዳፍ የማትሞላ በርጩማ ይዘዋል። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ከበሩ ፊት አስቀመጧት።

"ኖር፣ አባቴ! ይቀመጡ እንጂ! ምን ያቆምዎታል? ዕድሜ ልክዎን በራችን ላይ ቆመው አንድ ቀን ሳንጠራዎት!"

"እማዬ! አታስቀምጫቸው!"

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ? እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይሸኛል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ቤቱን ይጨፈልቁታል!"

"ይጨፍልቁታ! ቤት ለእንግዳ ካልሆነ ለምን ተሠራ?"

ጦሳ በዚህ ንግግር ልቡ ተነካ። "ተባረኪ" አለና ጀርባውን ወደ ቤቱ አዞረ። ጉሙን ከኋላው ሰብሰብ አደረገ። አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት "እእእህ" እያለ ጎንበስ ማለት ጀመረ። የእማማ ተዋበች ጣራ ላይ ጥላው ወደቀ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

አንቴናዋ ከየት መጣች ሳትባል ከጎኗ ተገኘች። መነጽሯን አድርጋ ጣሳውን አነበበች።

"ሙሉ ነው" አለች። "ሁለት ፊደል ይወጣዋል።"

"ሁለት ፊደል ብቻ?"

"ብዙ አትመኚ ብዬሽ ነበር።"

ፈትለወርቅ ግን ደስ አላት። ሁለት ፊደል በቂ ነው። "ቁም" ሁለት ፊደል ነው። ደረቷን ነፍታ አፏን ከፈተች።

እማማ ተዋበች አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። "ምን ልትይ ነው? አንተ ልትያቸው ነው? ጦሳን? ቅድመ አያትሽ ሲወለዱ የነበሩትን?"

"እማዬ፣ 'ይቁሙ' ሦስት ፊደል ነው!"

"ይሁና!"

"አቅሜ ሁለት ነው!"

"አቅም ቢያጥርሽ አስተዳደግ ያጥርሻል? የተዋበች ልጅ ተራራን አንተ አለች ተብሎ ነገ በየት በኩል አልፋለሁ?"

"ከእናት ጋር የሚደረግ ክርክር በነፃ ነው፤ ከሂሳብ አይገባም" አለች አንቴናዋ። "ግን ቶሎ ብትጨርሱ ጥሩ ነው።"

የጦሳ ኩታ ጫፍ የጭስ መውጫውን ነካው። እማማ ተዋበች እጃቸውን አነሡላት። "ቁም" ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ልትለው ሞከረች፤ እንዳትል ያደረጋት ማን እንደሆነ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲገባ የተነሣችበት፣ ውኃ በሁለት እጇ የሰጠችበት፣ ዓይኗን ሰብራ ያለፈችበት ቀን ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ቁም አልወጣ አለ።

"ይ..." አለች።

ጦሳ ባለበት፣ መሬት ሳይነካ፣ ቀጥ አለ።

"...ቁ..."

መርፌዋ ወደቀች። ጣሳው ቀዘቀዘ። ፈትለወርቅ አፏን አሞጥሙጣ "ሙ" ለማለት ብትታገል ከአፏ የወጣው ንፋስ ብቻ ነው።

ጦሳ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። "ይቁ? ይቁ ምን? ይቁረሱ ነው?"

ፈትለወርቅ ራሷን በኃይል ነቀነቀች።

"ይቁረሱ ነው የምትለው" አሉ እማማ ተዋበች ፊታቸው በርቶ። "አያችሁ አስተዳደግ! ዳቦ አለ፣ አባቴ፤ ትኩስ ነው!"

"ይቁረሱማ ከተባልኩ እንቢ አልልም" አለ ጦሳ። "ግን እኔ ቆሜ አልቆርስም።"

ብሎም ተቀመጠ።

ቀጭ!

ፈትለወርቅ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አለች። ጉንጯ ላይ የጠረጴዛው ጠርዝ ታትሟል። ፀሐይዋ የለችም፤ ሰማዩ ጠቁሮ የምርምር ቤቱ ጨለምለም ብሏል። ጣራው ላይ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ጠብ ጠብ ማለት ጀምረዋል። ኮሚቴው ገብቷል። አባላቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዶክተር መርዕድ ደግሞ በመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ አሁን ገና መቀመጣቸው ነው።

"አትነሺ፣ አትነሺ" አሏት በእጃቸው እያረጋጉ። "ደክሞሽ ይሆናል ብለን ነው ዝም ያልነው። ለማንኛውም መብራት ስለጠፋ ግምገማውን ማካሄድ አንችልም።"

ፈትለወርቅ ዓይኗን አሸች። "ዶክተር፣ መሣሪያው እኮ መብራት አይፈልግም። የተሠራውም መብራት ለሌለበት ነው።"

"እሱማ ገብቶናል። ፕሮጀክተሩ ነው የሚፈልገው።"

"በእጄ ይዤ ላሳያችሁ እችላለሁ።"

"ያለ መብራት የሚሠራ ዕቃ ያለ መብራት ይገመገማል የሚል አሠራር የለንም" አሉ አንዱ አባል ከግድግዳው በኩል፣ አዝነው።

ዶክተር መርዕድ ወንበሯ ሳትመቻቸው ቀርታ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ተደላደሉ። ቀጭ አለ፤ ደግሞ ቀጭ አለ። ፈትለወርቅ ድምፁን ሰማች። ከመተኛቷ በፊት ሞገዱ እዚያ ይሻላታል ብላ አንቴናዋን ከነጠቋሚዋ የት እንዳስቀመጠቻት አሁን ትዝ አላት።

ውጭ ዝናቡ ወረደ። ከጦሳ በኩል ነጎድጓድ ተንከባለለ።

"ከመጣን አይቀር ግን" አሉ ዶክተር መርዕድ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በደግነት እያዩዋት፣ "ዕቃውን እንኳ በዓይናችን እንየው። የታለ?"



"ተቀምጠውበታል፣ ዶክተር።"